ከመሐለቅ እስከ መቶኛ፦ የቁጥር መሠረት በሐረር ገበያና በስያሜ ቃላት

የስያሜ ቃላት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሥራ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለቃላት ጥናት ወደ ሐረር በሄድሁበት ወቅት አንድ ወጣት የሒሳብ መምህር ለተማሪዎቹ ያዘጋጀውን አጭር የኮምፒዩተር ፕሮግራም አሳየኝ። ፕሮግራሙ በተለመደው አጻጻፍ የተሰጠውን ቁጥር ተቀብሎ በሁለት፣ በስምንትና በዐሥራ ስድስት መሠረት መልሶ ይጽፋል። መምህሩ 13 ብሎ ቢሰጠው «1101» ብሎ አወጣ። ተማሪዎቹ ይህን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡ ሲጠየቁ «አንድ ሺሕ አንድ መቶ አንድ» ብለው አነበቡ። መምህሩም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዶክተር፣ ማሽኑ የጻፈው ትክክል ነው፤ የተሳሳትነው እኛ ስናነበው ነው። ታዲያ በአማርኛ ምን ብለን እናንብበው?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። «ዐሥር»፣ «መቶ»፣ «ሺሕ» የሚሉት ቃላት ራሳቸው የዐሥር መሠረት ስሞች ናቸው። ስለዚህ በሌላ መሠረት የተጻፈን ነገር በእነዚህ ቃላት ማንበብ የአንዱን አገር ገንዘብ በሌላው አገር ስም እንደ መጥራት ይቆጠራል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ነገር አንድ ነው። ይኸውም በልዩ ልዩ መሠረት መቁጠርና ከአንዱ ወደ ሌላው መመንዘር ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ እንግዳ ዕውቀት ሳይሆን፣ በሐረር ገበያ ቢያንስ ከ150 ዓመታት በላይ የኖረ የዕለት ተዕለት ሥራ መሆኑን፣ ለዚህም ዕውቀት የሚያስፈልጉት ቃላት በአብዛኛው በቋንቋችን ውስጥ መገኘታቸውን ነው። ከዚህ ተያይዞ አንድ የመዝገበ ቃላት ግዴታ ይመጣል፤ እርሱን በመጨረሻው ላይ አነሣለሁ።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። «ቁጥር» የምንለው ብዛቱን ነው፤ «አኃዝ» የምንለው ግን ብዛቱ የሚጻፍበትን ምልክት ነው። በአንድ ቅርጫት ውስጥ ያሉት ዐሥራ ሦስት ብርቱካኖች በግዕዝ አኃዝ ፲፫ ተብለው ቢጻፉ፣ በተለመደው አኃዝ 13 ተብለው ቢጻፉ፣ ወይም በሁለት መሠረት 1101 ተብለው ቢጻፉ ከቅርጫቱ አንድም ብርቱካን አይጨመርም፣ አንድም አይጐድልም። የተለወጠው አጻጻፉ ነው። በተራ ንግግር ሁለቱ ቃላት እየተቀያየሩ ቢነገሩም፣ በስያሜ ቃላት ሥራ ግን ልዩነታቸው ካልተጠበቀ የመሠረት ነገር ከቶ ሊገለጽ አይችልም።

ወደ ሐረር እንመለስ። የጁገል ግንብ በአምስት በሮቹ የልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪዎችን ሲያስገባና ሲያስወጣ የኖረ ነው። በፈረስ መጋላም ሆነ በሌሎቹ ገበያዎች ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አርጎብኛ፣ አማርኛና ዐረብኛ ይሰማሉ። የእነዚህ ሁሉ ቋንቋዎች የቁጥር ስሞች የተገነቡት በዐሥር መሠረት ነው። በሶማሊኛ «ላበ» ሁለት፣ «ቶበን» ዐሥር ሲሆን፣ «ላባታን» ሃያ ነው፤ ሃያ ማለት ሁለት ጊዜ ዐሥር መሆኑ በቃሉ ላይ ይታያል። በአማርኛ «ሠላሳ» ከሦስት፣ «አርባ» ከአራት፣ «ኀምሳ» ከአምስት ጋር ያላቸው ዝምድና ግልጽ ነው። «ሃያ» ብቻውን የቆመ ቢመስልም፣ ከሐረሪኛው «ኩያ» አጠገብ ሲቀመጥ መልኩ ይገለጣል። ሐረሪኛ ሁለትን «ኮኦት» ይላል፤ ግዕዝ «ክልኤቱ» ይላል፤ አማርኛ «ሁለት» ይላል። በሐረሪኛና በግዕዝ «ከ» ሆኖ የቆየው ድምፅ በአማርኛ «ሀ» ሆኗል፤ «ኩያ»ና «ሃያ»ም የሚገናኙት በዚሁ መንገድ ነው።

የቁጥር ስም ሲዋስም ሆነ ሲወረስ ቤቱን ሊለውጥ እንደሚችል የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አለ። የግዕዙና የአማርኛው «እልፍ» 10,000 ነው፤ የዐረብኛው «አልፍ» ግን 1,000 ነው። ሥራቸው አንድ፣ ዋጋቸው ግን በዐሥር እጥፍ የተራራቀ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ በሚያውቅ ከተማ ውስጥ ይህን ልዩነት የዘነጋ ነጋዴ ኪሳራው ቀላል አይሆንም።

እንግዲህ አፍ የሚቆጥረው በዐሥር ነበር። ገንዘቡ ግን በዐሥር አይሄድም ነበር። ለዚህ ምስክር የሚሆነን እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። በርተን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ወደ ሐረር ገብቶ በአሚር አሕመድ ዘመን ዐሥር ቀን ያህል ከቆየ በኋላ፣ ያየውን በ1856 በታተመው መጽሐፉ ገልጿል። በከተማዪቱ ይዘዋወር የነበረው ሳንቲም «መሐለቅ» የሚባል ትንሽ፣ በእጅ የተሠራ የነሐስ ሳንቲም እንደ ነበረ ይናገራል። በአንድ ፊቱ የሐረር ሥሪት መሆኑን የሚገልጽ የዐረብኛ ጽሑፍ፣ በሌላው ፊቱ ደግሞ 1248 የሚል የሒጅራ ዓመት ነበረበት፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1832 እስከ 1833 ያለው ነው። የምንዛሪውንም ሥርዓት እንዲህ ሲል አስፍሮታል፤ 22 ሙዝ አንድ መሐለቅ፣ 22 መሐለቅ አንድ አሽረፊ፣ 3 አሽረፊ ደግሞ አንድ ዶላር ይሆናል። ዶላር ያለው የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ነው። ሙዙ ከመሐለቅ በታች ላለው ዋጋ ብቸኛው ዝርዝር ነበር።

ይህ ሥርዓት በአንድ መሠረት ላይ የቆመ አይደለም። ከሙዝ ወደ መሐለቅ መሠረቱ 22 ነው፤ ከመሐለቅ ወደ አሽረፊም 22 ነው፤ ከአሽረፊ ወደ ብር ግን 3 ነው። የሒሳብ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ቅይጥ መሠረት ይሉታል። አንድ ብር 66 መሐለቅ ነው፤ በሙዝ ሲመነዘር 1,452 ይሆናል።

አሁን አንድ ሻጭ 5,000 ሙዝ የሚያህል ዋጋ አለው እንበል። ይህን በገንዘብ ለመግለጽ የሚደረገው ሒሳብ የሚከተለው ነው። 5,000 ለ22 ሲካፈል ድርሻው 227፣ ቀሪው 6 ነው፤ 6 ሙዝ ይያዝ። 227 እንደ ገና ለ22 ሲካፈል ድርሻው 10፣ ቀሪው 7 ነው፤ 7 መሐለቅ ይያዝ። 10 ለ3 ሲካፈል ድርሻው 3፣ ቀሪው 1 ነው፤ 1 አሽረፊ ይያዝ። የቀረው ድርሻ 3 ብር ነው። ስለዚህ ዋጋው 3 ብር፣ 1 አሽረፊ፣ 7 መሐለቅና 6 ሙዝ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው እያንዳንዱን በዋጋው አባዝቶ ቢደምር 5,000ን መልሶ ያገኛል።

መምህሩ የጻፈው ፕሮግራም የሚሠራው በዚሁ መንገድ እንጂ በሌላ አይደለም። ቁጥሩን ይቀበላል፤ ለመሠረቱ ያካፍላል፤ ቀሪውን ይጽፋል፤ ድርሻውን መልሶ ያካፍላል፤ ድርሻው ዜሮ ሲሆን ያቆማል፤ በመጨረሻም ቀሪዎቹን ከኋለኛው ወደ ፊተኛው አሰልፎ ያወጣል። 13 ለ2 ሲካፈል ቀሪው 1፣ 6 ለ2 ሲካፈል ቀሪው 0፣ 3 ለ2 ሲካፈል ቀሪው 1፣ 1 ለ2 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ ከኋላ ሲነበብ 1101 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ኮምፒዩተሩ አንዱን መሠረት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲጠቀም፣ የሐረር ነጋዴ ግን በየደረጃው የተለያየ መሠረት መያዝ የነበረበት መሆኑ ነው። ከዚህ አንጻር የነጋዴው ሒሳብ ከተማሪው ሒሳብ የከበደ ነበር።

በበርተን ምስክርነት ውስጥ አንድ ሌላ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አሽረፊው በዚያን ጊዜ በስም ብቻ የቀረ ገንዘብ ነበር፤ ሰው በእጁ የሚይዘው የአሽረፊ ሳንቲም አልነበረም። ሆኖም በሒሳቡ ውስጥ ስፍራው አልተሻረም፤ 22 መሐለቅ ሲሞላ አንድ አሽረፊ ተብሎ ይቆጠር ነበር። ይህ በትምህርት ቤት «ዐሥር ቤት»፣ «መቶ ቤት» የምንለውን ለማስረዳት እጅግ የተመቸ ምሳሌ ነው። በ13 ውስጥ ያለው 1 ዐሥር ነገሮችን የሚያመለክተው በቅርጹ ሳይሆን በተቀመጠበት ቤት ነው። ቤት ማለት ዕቃ ሳይሆን ስፍራ ነው፤ አሽረፊም ሳንቲሙ ጠፍቶ ስፍራው የቀረ ገንዘብ ነበር።

«መሐለቅ» የሚለው ቃል ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሳንቲሙ ከገበያ ከወጣ በኋላም ቃሉ በሐረሪኛ በጠቅላላው ገንዘብ ማለት ሆኖ ቀርቷል። የአማርኛው «ብር»ም የሄደው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ የማዕድን ስም የነበረው በመጀመሪያ የአንድ ሳንቲም፣ ቀጥሎም የአገሪቱ ገንዘብ ስም ሆኗል። እንዲህ ያለ የትርጉም መስፋት ሲደርስ የቀድሞው ልክ ከቃሉ ላይ ይረግፋል። ዛሬ «መሐለቅ» ሲባል 22 የሚለው ቁጥር የሚታሰበው ሰው የለም። መዝገበ ቃላት ካልያዘው በቀር የሚይዘው ሌላ አይኖርም።

ከዚህ በኋላ ከተማዪቱ እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 በግብፅ አስተዳደር ሥር ቆየች፤ በ1887 መጀመሪያ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በንጉሥ ምኒልክ ግዛት ውስጥ ገባች፤ ራስ መኰንንም ተሾሙባት። ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ በስማቸው ያሠሩት ብር እ.ኤ.አ. በ1893 በተወሰነው ልክ መሠረት በ1894 ፓሪስ ውስጥ ተመታ፤ ክብደቱና ዋጋው ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር የተካከለ ነበር። ከብሩ ጋር የብሩ ግማሽ «አላድ»፣ የብሩ አራተኛ «ሩብ»፣ የብሩ ስምንተኛ «ተሙን» ወጡ። «ግርሽ» መጀመሪያ የብር ሃያኛ እጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ወደ 1903 ገደማ ግን የብር ዐሥራ ስድስተኛ እጅ ሆነ፤ በዚህም ሥርዓት አንድ ብር 16 ግርሽ ወይም 32 ቤሳ ተባለ።

የእነዚህ ስሞች ምንጭ የንግዱን መንገድ ያሳያል። «ግርሽ» ከኦቶማን ቱርክ ግዛት ገንዘብ ስም የመጣ ሲሆን፣ እርሱም በበኩሉ ወደ ጀርመኑ ግሮሽን ይደርሳል። «ቤሳ» የሕንዱ ፓይሳ በዐረብ ነጋዴዎች በኩል የደረሰበት መልክ ነው። «ታላሪ»ና «ዶላር» ደግሞ ሁለቱም ከአንድ የጀርመን ቃል፣ ከታለር የወጡ ናቸው። በአንድ ከረጢት ውስጥ የጀርመን፣ የቱርክና የሕንድ ቃላት ተሰባስበው ይገኙ ነበር ማለት ነው።

አሁን የ16ቱን ሥርዓት በሒሳብ ዐይን እንመልከተው። አንድ ብር 2 አላድ፣ 4 ሩብ፣ 8 ተሙን፣ 16 ግርሽ፣ 32 ቤሳ ነው። እያንዳንዱ ከእርሱ በላይ ያለው ግማሽ ነው። ግርሽ የብር ሃያኛ በነበረበት ጊዜ ይህ አካሄድ ይሰናከል ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ተሙን 2 ግርሽ ተኩል ይሆን ነበርና። ወደ 16 በተለወጠ ጊዜ ግን ከብር እስከ ቤሳ ያለው ሰንሰለት በሙሉ በማጋመስ የሚሄድ ሆነ። ይህም ዛሬ ኮምፒዩተር የሚሠራበት የሁለት መሠረት ነው።

መምህሩ የሰጠውን 13 ወደዚህ ሥርዓት እንውሰደው። አንድ ሰው 13 ግርሽ በትልልቁ ሳንቲም ልክፈል ቢል፣ ከየዓይነቱ ከአንድ በላይ ሳያስፈልገው አንድ አላድ ይሰጣል፤ ይህ 8 ግርሽ ነው። አንድ ሩብ ይጨምራል፤ ይህ 4 ነው። ተሙን አይሰጥም። አንድ ግርሽ ያክላል። ድምሩ 13 ነው። በቃል ሲነገር «አላድ አለ፣ ሩብ አለ፣ ተሙን የለም፣ ግርሽ አለ» ይሆናል። ላለው 1፣ ለሌለው 0 ቢጻፍ 1101 ይወጣል። ተማሪዎቹ «አንድ ሺሕ አንድ መቶ አንድ» ብለው ያነበቡት ይህንኑ ነበር። ይኸው ዋጋ በቤሳ ሲመነዘር 26 ቤሳ ነው፤ አጻጻፉም 11010 ይሆናል። በዐሥር መሠረት መጨረሻ ላይ ዜሮ መጨመር በዐሥር እንደሚያባዛ ሁሉ፣ በሁለት መሠረትም በሁለት ያባዛል።

የ16 መሠረትም እዚያው አለ። 45 ግርሽ ለ16 ሲካፈል 2 ብር ከ13 ግርሽ ነው። እዚህ ላይ 13 የአንድ ቤት ዋጋ ነው፤ ለብቻው አንድ ምልክት ይገባዋል እንጂ ሁለት ምልክት አይገባውም። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ከ10 እስከ 15 ላሉት ዋጋዎች የላቲን ፊደላትን የሚጠቀሙት ስለዚህ ነው፤ 13 በእነርሱ አጻጻፍ «ዲ» የሚባለው ፊደል ነው። ፊደልን ለቁጥር ማዋል ለአገራችን ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። የዐረብኛ ፊደላት በአብጀድ ተራ የቁጥር ዋጋ አላቸው፤ የግዕዝ አኃዞችም መነሻቸው የግሪክ ፊደላት ናቸው።

የግዕዝ አኃዝ ራሱ ከመሠረት አንጻር የሚነግረን ነገር አለ። በ1887 ዓ.ም. የተመታው የምኒልክ ብር ዓመቱን የሚጽፈው ፲፰፻፹፯ ብሎ ነው። ይህ ቃል በቃል ሲፈታ «18 ጊዜ መቶ፣ ከ87» ነው። አንድ ፕሮግራም ከተለመደው አኃዝ ወደ ግዕዝ አኃዝ እንዲመነዝር ከተፈለገ ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አድርጎ መክፈል ይኖርበታል፤ 87 አንድ ክፍል፣ 18 ሌላ ክፍል፣ በመካከላቸው ፻። መቶ ጊዜ መቶ ሲሆን ፼ ይመጣል። እንግዲህ የግዕዝ አጻጻፍ በትልቁ የመቶ መሠረት፣ በየክፍሉ ውስጥ ደግሞ የዐሥር መሠረት ይዞ ይሄዳል። ዜሮ ግን የለውም። በመሐለቁ ላይ ያለው 1248 በቤት ሥርዓት የተጻፈ ሲሆን፣ በብሩ ላይ ያለው ፲፰፻፹፯ በሌላ ሥርዓት የተጻፈ ነው። ሁለቱን ሳንቲሞች በአንድ እጁ የሚይዝ ሰው የዘመን አቈጣጠር ብቻ ሳይሆን የአጻጻፍም ምንዛሪ ያስፈልገዋል።

ስለ ቤቶች ስም ካነሣን፣ በባሕረ ሐሳብ ያለውን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። በዚያ ሒሳብ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ አንዱ ኬክሮስ 60 ካልዒት ነው፤ ከዚያም ሣልሲት፣ ራብዒት፣ ኃምሲት፣ ሳድሲት እያለ በ60 እየተከፈለ ይወርዳል። ስሞቹ «ሁለተኛ»፣ «ሦስተኛ»፣ «አራተኛ» ማለት ናቸው፤ ይህም ማለት የቤቱ ስም በተራው ተሰጥቷል። ከአውሮፓ የተዋስነው «ሰከንድ»ም በላቲን ትርጉሙ «ሁለተኛ» ነው፤ ከካልዒት ጋር በትርጉም አንድ ነው። የአገራችን ሊቃውንት ከዐሥር ሌላ በሆነ መሠረት ሲያሰሉ ለየቤቱ ስም አላጡም ነበር።

የዐሥር መሠረት በገንዘባችን ላይ የሠለጠነው ዘግይቶ ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ስም በ1923 ዓ.ም. በተመቱት ሳንቲሞች አንድ ብር ወደ 100 «መቶኛ» ተከፈለ። ከስያሜ ቃላት አንጻር ሲታይ «መቶኛ» የተዋጣለት ቃል ነበር፤ ቃሉን የሰማ ሁሉ መሠረቱን ያውቃል። ሆኖም ዕድሜው አጭር ሆነ። የኢጣልያ ወረራ ሊሬን አመጣ፤ ከነጻነት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተዘዋወረ፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1945 የወጣው አዲሱ ብርም ወደ 100 ሳንቲም የተከፈለ ሆነ። «ሳንቲም» ከላቲኑ የመቶ ቃል የወጣ ስለ ሆነ የሚናገረው «መቶኛ» የተናገረውን ነው፤ ነገር ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ምስጢሩ ተሸፍኗል።

በዚህ ሁሉ ለውጥ መካከል የቀድሞዎቹ መሠረቶች ፈጽመው አልጠፉም፤ በቃላት ውስጥ ቀሩ። አዲሱ ብር በወጣ ጊዜ በሁለት ሽልንግ ይመነዘር ስለ ነበር 50 ሳንቲም «ሽልንግ» ተባለ፤ የእንግሊዞች ገንዘብ ከሄደ በኋላም ስሙ ቆየ። 25 ሳንቲም «ስሙኒ» ይባላል፤ ቃሉ በድምፁ ከዐረብኛው የስምንተኛ እጅ ስያሜ ጋር ይቀራረባል፤ ዋጋው ግን ሩብ ነው። ምንም ገንዘብ የሌለው ሰው «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ሲል፣ የብር ሠላሳ ሁለተኛ እጅ እንኳ እንደሌለው መናገሩ መሆኑን አያስበውም።

ይህ ነገር የቃላት ጨዋታ ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ አንድ ሒሳብ ላቅርብ። አንድ ተመራማሪ በአሮጌ የሒሳብ ደብተር ላይ «3 ብር ከ12 ግርሽ» የሚል ቢያገኝ ስንት ብር ነው ብሎ ይጻፍ? ግርሹ የብር ሃያኛ ከሆነ 3 ብር ከ60 ሳንቲም የሚያህል ነው። ዐሥራ ስድስተኛ ከሆነ 3 ብር ከ75 ነው። «3.12» ብሎ በዐሥር መሠረት ከጻፈው ደግሞ ሁለቱንም ስቷል። አንዲት መስመር ላይ ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል፤ መቶ መስመር ባለው መዝገብ ላይ ግን በሃያኛውና በዐሥራ ስድስተኛው መካከል ብቻ የ15 ብር ልዩነት ያመጣል። የአንድን ቤተሰብ ውርስ፣ የአንድን ቤት ሽያጭ ወይም የአንድን ከተማ የዋጋ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ይህ የእውነትና የስሕተት ልዩነት ነው። ስሕተቱም የሚመጣው ከሒሳብ አለማወቅ ሳይሆን፣ መዝገበ ቃላቱ «ግርሽ» በሚለው ሥር «የገንዘብ ስም» ብሎ በማለፉ ነው።

ስለዚህ በመግቢያው ላይ የጠቀስሁት ግዴታ ይህ ነው፤ የገንዘብ፣ የሚዛን፣ የስፍርና የጊዜ ስሞች በመዝገበ ቃላት ሲገቡ ከትርጉማቸው ጋር መሠረታቸው፣ ከመሠረታቸውም ጋር ዘመናቸውና ስፍራቸው መጻፍ አለበት። «መሐለቅ» በሚለው ሥር «በሐረር እ.ኤ.አ. በ1855 በበርተን ምስክርነት 22ቱ አንድ አሽረፊ፣ 66ቱ አንድ ብር» ይባል። «ግርሽ» በሚለው ሥር ሁለት ቁጥሮች ከነዘመናቸው ይቀመጡ።

ለኮምፒዩተሩ ትምህርትም የሚከተሉትን ቃላት አቀርባለሁ። ለብዛቱ «ቁጥር»፣ ለምልክቱ «አኃዝ»፣ ለስፍራው «ቤት»፣ አንዱ ቤት ከሚቀጥለው ለሚበልጥበት እጥፍ «መሠረት» ይባል። ከአንዱ መሠረት ወደ ሌላው ለማሻገር ብዙዎች «መለወጥ» ወይም «መቀየር» ይላሉ። እኔ ግን የገበያውን ቃል፣ «መመንዘር»ን እመርጣለሁ። ለውጥ ሲባል ነገሩ ራሱ ሌላ የሆነ ይመስላል፤ ድፍን ብሩን የመነዘረ ሰው ግን ገንዘቡ አልጨመረም፣ አልጐደለም፤ በዝርዝር ያዘው እንጂ። በመሠረት ላይ የሚደረገውም ይኸው ነው። በዚህ ምርጫ ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ «አመነዘረ» የሚለው ግሥና «ምንዝር» የሚለው ስም በሌላና በማያስከብር ትርጉም የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ስሙ «ምንዝር» ሳይሆን «ምንዛሪ» ይሁን፤ «የመሠረት ምንዛሪ» ቢባል የሚያደናግር አይሆንም። ንባቡን በተመለከተ ደግሞ፣ ከዐሥር ሌላ በሆነ መሠረት የተጻፈ ሁሉ አኃዝ በአኃዝ እየተጠራ መሠረቱ በመጨረሻው ይነገር፤ «አንድ፣ አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ በሁለት መሠረት» እንደማለት ነው።

ይህን ለመምህሩ ነገርሁት። በማግሥቱ በክፍሉ ተገኝቼ ስሰማ፣ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ብር፣ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን፣ ግርሽና ቤሳ በተርታ ተጽፈው ነበር። ተማሪዎቹ አላድም ተሙንም በዐይናቸው አይተው አያውቁም። ሆኖም አንዲት ልጅ ተነሥታ 1101ን በአዲሱ ንባብ ካነበበች በኋላ፣ «ተሙን የለም» ብላ ዜሮውን በጣቷ አሳየች። መምህሩም ቀጥሎ 26ን ጻፈና በቤሳ እንድትመነዝረው ጠየቃት።